«ጌታ ነግሮኛል» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ከተለያየ ሰው ቢመጡም ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚያርፉት፣ የእግዚአብሔርን ድምፅ ከሰው ድምፅ፣ ከራስ ምኞትና ከፍርሃት እንዴት ነው የምንለየው የሚለው ላይ። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ማንነት የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። 27 ዓመቴ ነው። በጸሎት ቡድናችን ውስጥ አብሮን የሚያገለግል አንድ ወንድም አለ፣ በጣም ነው የማከብረው። ከአንድ ወር በፊት ከፕሮግራም በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ «ጌታ ሚስቴ እንደሆንሽ አሳይቶኛል» አለኝ። እኔ ምንም አልተሰማኝም፣ ደንግጬ ዝም ነው ያልኩት። ከዛ ጀምሮ በየቀኑ ሜሴጅ ይልካል፣ «ለማንም እንዳታወሪ፣ ሰው ሲገባበት ይበላሻል» ይለኛል፣ ባለፈው ሳምንት ደሞ «እምቢ ካልሽ እምቢ ያልሽው እኔን ሳይሆን እግዚአብሔርን ነው» አለኝና ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እውነት ከእግዚአብሔር ቢሆንስ? ብጠራጠር ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ እንደሆነ ይሄን ልንገርሽ፣ መመርመር የታዘዝሽው ነገር ነው። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች «ትንቢትን አትናቁ» ብሎ ሳይጨርስ «ሁሉን ፈትኑ» ይላቸዋል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ነው ያሉት። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ ሌሎቹ ደሞ ይለዩ ነው ያላቸው፣ ያ ማለት በዛ ጉባኤ ውስጥ «እኔ ተናግሬያለሁ አበቃ» ሚባል ነገር አልነበረም፣ የተናገረው ሰው ተቀምጦ ሌሎቹ ያመዛዝኑለት ነበር። እንግዲህ የሐዋርያት ዘመን ነቢይ ይመረመር ከነበረ የእኛ ወንድም ሲመረመር ምን ይጎድልበታል?

ወንድማችንን ውሸታም አልለውም፣ አላውቀውምና። ናታንን አስታውሺው። ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ልሥራ ብሎ ሲያማክረው ናታን ወዲያው «በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ፣ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነው» አለው፣ በዛው ሌሊት ግን እግዚአብሔር አይ፣ እሱ አይሠራውም አለና ናታን ተመልሶ ሄዶ ለንጉሡ ነገረው። እውነተኛ ነቢይ ነው፣ ልቡም ንጹህ ነው፣ የመጀመሪያው ንግግሩ ግን የራሱ በጎ ሐሳብ ነበር። ይሄ ወንድምም አንቺን ወዶሽ ሊሆን ይችላል፣ ወዶሽ ሲጸልይ ደሞ የልቡን ምት የመንፈስ ድምፅ አድርጎ ሰምቶት ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። የናታን ልዩነቱ ግን ተመልሶ መሄዱ ነው፣ ላንቺ ግን የሚመጣልሽ ሜሴጅ በየቀኑ እየከረረ ነው የሄደው።

አንድ ሌላ ታሪክ አለ፣ 1ኛ ነገሥት 13 ላይ፣ እኔ ባነበብኩት ቁጥር ያስደነግጠኛል። ከይሁዳ የመጣው የእግዚአብሔር ሰው እንጀራ እንዳይበላ ውኃ እንዳይጠጣ በመጣበት መንገድም እንዳይመለስ ለራሱ በቀጥታ ተነግሮታል። ከዛ አንድ ሽማግሌ ነቢይ አህያውን ጭኖ ተከተለውና «መልአክ ነግሮኛል፣ ወደ ቤቴ መልሰው ብሎኛል» አለው፣ ዋሸው። ሰውየው ደሞ ሽማግሌውን አክብሮ የራሱን ቃል ትቶ ተመለሰ፣ ኋላም መንገድ ላይ አንበሳ ገደለው። ማክበር ጥሩ ነው፣ ግን የሌላ ሰው ራእይ እግዚአብሔር ላንቺ ከሰጠሽ ልብ በላይ አይቀመጥም። ላንቺ የሚናገረው ነገር ካለው አንቺንም ያውቅሻል እኮ፣ ጸሎትሽን ይሰማል፣ ምንም አልተሰማኝም ያልሽውን ራሱ እንደ ቀላል አትለፊው።

ያዕቆብ ከላይ የምትመጣውን ጥበብ ሲገልጻት ንጽሕት፣ ታራቂ፣ ገር፣ እሺ ባይ ይላታል። አሁን የደረሱሽን ሜሴጆች አንድ ባንድ ከዚህ ቃል ጋር አስተያዪያቸው። ገርነት አለባቸው? የሚያስቸኩል፣ የሚደብቅና የሚያስፈራራ ነገር ነው ያየሁት እኔ፣ በተለይ «ለማንም እንዳታወሪ» የሚለው ብቻውን ይበቃኛል፣ እውነት የሆነ ነገር ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ አይበላሽም። «እግዚአብሔርን ነው እምቢ ያልሽው» ሲል ደሞ ራሱን የት ቦታ ላይ እንዳስቀመጠ አስቢው። ጳውሎስ እንኳን ስለ መበለት ሲናገር በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ልታገባ ነጻነት አላት ነው ያለው፣ የወደደችውን ነው፣ የታየላትን አላለም።

ስለዚ በዚህ ሳምንት ለምታምኛት አንዲት የበሰለች እህትና ለቡድናችሁ መሪ ሜሴጆቹን ሳታጠፊ አሳዪያቸው። ለሱ ደሞ አጭር ነገር ጻፊለት፣ ለምሳሌ «ወንድሜ፣ ያልከኝን ሰምቻለሁ፣ ጸልዬበታለሁ፣ መልሴ አይ ነው፣ ከዚህ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ሜሴጅ እንዳትልክልኝ» ብለሽ፣ ከዛ በላይ ማብራሪያ አይጠበቅብሽም። ከላክሽ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቺ፣ አክብሮ ዝም ካለ መልካም ሰው ተሳስቶ ነበር ማለት ነው፣ ከተቆጣ ወይ ስምሽን ማጥፋት ከጀመረ ፍሬው ራሱ ይነግርሻል፣ ያኔ ብቻሽን እንዳትጋፈጪው፣ ለመሪዎቹ ስጪያቸው።

ጥያቄ፦ ከአገር ውጪ የተሻለ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ለመፈረም 5 ቀን ነው የቀረኝ። ከጸለይኩበት ጊዜ ጀምሮ በሩ ሁሉ ተከፈተ፣ ሰነዱ በአንዴ አለቀ፣ ኢንተርቪውም አለፍኩ፣ ሰላምም ተሰማኝ። ባለቤቴ ግን «እኔ ሰላም የለኝም» ትላለች፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እሷንና ልጆቹን ትቼ ነው የምሄደው። የማንኛችን ሰላም ነው ከእግዚአብሔር? ወይስ እንደ ጌዴዎን ምልክት ልጠይቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በር ተከፈተ ስላልከው ልጀምር፣ ምክንያቱም በዚች ቃል ብዙ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሊሸሽ ወደ ኢዮጴ ሲወርድ ወደ ተርሴስ የምትሄድ መርከብ አገኘ፣ ዋጋውንም ከፍሎ ገባ፣ ሁሉም ነገር ተመቻችቶለት ነበር ማለት ነው እኮ። ዳዊትም ዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ሳለ ሲያሳድደው የነበረው ሳኦል ብቻውን ገባለት፣ ሰዎቹ «እግዚአብሔር ያለህ ቀን ይሄ ነው» አሉት፣ ከዚህ የበለጠ የተከፈተ በር ከየት ይመጣል፣ ዳዊት ግን የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፣ ለሱም ቢሆን ልቡ መታው። በሌላ በኩል ደሞ ጳውሎስ የመቄዶንያውን ሰው በራእይ አይቶ ተሻግሮ ፊልጵስዩስ ሲገባ ተገርፎ እስር ቤት ነው የገባው፣ መንገዱ ግን ትክክል ነበር። ስለዚ መቅለሉም መክበዱም ለብቻው ምንም አያስረዳህም።

እዛው ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ራእዩን ያየው ጳውሎስ ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ ግን ጸሐፊው «እኛ» እያለ ነው ሚቀጥለው፣ እግዚአብሔር እንደጠራን ተረዳን ይላል። አንድ ሰው አየ፣ አብረው ተረዱ። ያንተ ቤት ውስጥ ግን ያየኸውም የተረዳኸውም አንተ ብቻ ነህ ገና።

ስለ ሰላም የራሴን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ድርጅት ጋር አብሮ ለመሥራት ወራት ሙሉ ሳመዛዝን ከርሜ አንድ ቀን እፈርማለሁ ብዬ ወሰንኩና ከባድ ሸክም ከትከሻዬ ወረደ፣ በቃ ይሄ የጌታ ሰላም ነው አልኩ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት፣ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር፣ አንድ ሸሚዝ አጠፈች፣ ፈታችው፣ መልሳ አጠፈችው፣ ምንም ሳትል ወደሚቀጥለው ሄደች። አይቼዋለሁ። ምን አሰብሽ ብዬ አልጠየቅኳትም፣ ሰላሜ እንዳይነካብኝ ፈርቼ ነው ያልጠየቅኳት። ሥራው ሁለት ዓመት ሙሉ ከጸሎትም ከልጆቼም ነጠቀኝ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የዛን ቀን የተሰማኝ ማመንታቱ ስላለቀ የሚመጣ እፎይታ ነበር፣ አልፈርምም ብል ኖሮም ያው እፎይታ ይመጣ ነበር። ሰላም የሚስትን ጥያቄ የሚፈራ ከሆነ ገና ስሙን አታውጣለት።

በ1521 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ ፓምፕሎና በምትባል ከተማ ኢግናጥዮስ ሎዮላ የሚባል ወታደር በመድፍ እግሩ ተሰብሮ ለወራት አልጋ ላይ ዋለ። አልጋ ላይ ሆኖ ስለ ጀግንነትና ስለ አንዲት ሴት ሲያልም በጣም ይጣፍጠው ነበር፣ ስለ ክርስቶስና ስለ ቅዱሳን ሕይወት ሲያስብም ይጣፍጠው ነበር፣ እያለ አንድ ቀን የመጀመሪያው ሐሳብ ሲያልፍ ልቡን ደረቅ አድርጎት እንደሚሄድ ሁለተኛው ግን ካለፈ በኋላም ደስታው እንደሚቆይ አስተዋለ። ሲመጣ ያለው ጣዕም አንድ ነው፣ ሲሄድ የሚተወው ነው የሚለያየው። ስለዚ ያሉህን 5 ቀናት እንዲህ ተጠቀምባቸው፦ ሁለቱን ቀን በልብህ ሄጃለሁ ብለህ ኑር፣ ጠዋት ስትነሳ ማታ ልጆቹን ስታስተኛ እየሄድኩ ነው እያልክ፣ ሁለቱን ቀን ደሞ ቀርቻለሁ ብለህ ኑር፣ ማታ ማታ ውስጥህ የቀረውን ስሜት ሁለት መስመር ጻፍ፣ ደስታ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር እንዳቀረበህና ከማን እንዳራቀህ ጻፍ። ባለቤትህም የራሷን ለብቻ ትጻፍ። አምስተኛው ቀን ስልካችሁን ዘግታችሁ አብራችሁ አንብቡት። እሷን «ለምን ሰላም የለሽም» ብለህ እንዳታፋጥጣት፣ «ምን ምን ይታይሻል» በላት፣ አንተ ያላየኸው ተጨባጭ ነገር ሊኖራት ይችላል፣ ፍርሃት ብቻም ከሆነ ሲነገር ነው የሚቀለው።

ጌዴዎንን ተወው። እሱ የበጉን ፀጉር አውድማ ላይ አኑሮ ምልክት የጠየቀው ምን ማድረግ እንዳለበት ከተነገረው በኋላ ነው፣ ቃሉ ጠፍቶት ሳይሆን ፈርቶ ነው፣ እግዚአብሔርም ታገሠው። የሥራ ውል ላይ ምልክት መጠየቅ ብዙ ጊዜ ከሚስት ጋር ቁጭ ብሎ ከማውራት ማምለጫ ነው ሚሆነው። 5 ቀን ካልበቃችሁ ደሞ ለቀጣሪው ጻፍና ተጨማሪ ሳምንት ጠይቅ።

ጥያቄ፦ 20 ዓመቴ ነው። ማታ ስተኛ ድምፅ መሰል ሐሳብ ይመጣብኛል፣ ተነስ ሦስት ጊዜ ጸልይ ካልጸለይክ እናትህ ላይ አደጋ ይደርሳል ይለኛል። ከተነሳሁ በኋላ በትክክል አልጸለይክም ድገም ይለኛል። አንዳንዴ እስኪነጋ ነው። የእግዚአብሔር ድምፅ ይሁን የሰይጣን መለየት አቃተኝ፣ ደክሞኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ ድካምህ ተሰምቶኛል። ኤልያስ ደክሞት ሞቴን ልሙት ሲል እግዚአብሔር መጀመሪያ የላከለት መልአክ «ተነሥና ብላ» ነው ያለው፣ በላ፣ ተኛ፣ እንደገና ቀስቅሶ አበላው፣ ንግግሩ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። አንተም አሁን በደከመ ጭንቅላት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይሄ ከማን ነው ብለህ መፍረድ የለብህም፣ ያ ሰዓት የመለያ ሰዓት አይደለም።

የመንፈስ ቅዱስ ወቀሳ ቁርጥ ያለ ነው፣ ይሄን አጥፍተሃል ሂድ ይቅርታ ጠይቅ ይላል፣ ስታደርገው ያበቃል። አንተን የሚያሰቃይህ ግን ብትታዘዘውም አይጠግብም፣ ድገም ነው የሚለው፣ እናትህን መያዣ አድርጎ ነው የሚያስጸልይህ። ልጁን በእናቱ ሞት እያስፈራራ የሚያስጸልይ አባት የለንም።

ቅድም ያነሳሁት ኢግናጥዮስ ራሱ በኋላ ማንሬሳ በምትባል ከተማ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት ነበር፣ የተናዘዘውን ኃጢአት በደንብ አልተናገርኩም እያለ ደግሞ ደጋግሞ ሲናዘዝ ሕይወቱን ለማጥፋት እስኪፈተን ደረሰ፣ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይቀምስ ጾሞም አልለቀቀውም፣ ንስሐ አባቱም ጾሙን እንዲተው አዘዘው። በመጨረሻ ያለፈውን ዳግም ላለመናዘዝ ወሰነና ተፈታ። ተጨማሪ ጸሎት ጨምሮ አይደለም ከዛ የወጣው፣ መድገሙን አቁሞ ነው።

ይሄ እየተደጋገመ የሚመጣ ሐሳብና ከሱ ለማምለጥ አንድን ነገር ደጋግሞ ማድረግ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው፣ እምነት ያነሰው ሰው በሽታ አይደለም። እባክህ በዚህ ሳምንት የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ለእናትህም ንገራት። ሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደሞ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዛችው ሰዓት ቤት ያለ ሰው ቀስቅስና ሐኪም ቤት ውሰዱኝ በል። ለአገልጋይህም ንገረው፣ ግን «ጋኔን ነው» ብሎ ሕክምና ከከለከለህ እሱን አትስማው።

ጥያቄ፦ እኔ በዕድሜ የገፋሁ አባት ነኝ። ስልኬ ላይ ቀኑን ሙሉ የነቢያት ቪዲዮ ይላክልኛል፣ ልጄም ከነሱ ለአንዱ ገንዘብ ትልካለች። አንዳንዱ የተናገረው ልክ ሆኖ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ አልጥለውም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ ልክ ሆነ ማለት ከእግዚአብሔር ነው ማለት እንዳልሆነ ኦሪት ዘዳግም 13 በግልጽ አስቀምጦታል፣ የተናገረው ምልክት ቢፈጸም እንኳ ልባችሁን ወደ ሌላ ከወሰደ አትስሙት ይላል። ፊልጵስዩስ ላይም የምዋርተኝነት መንፈስ ያለባት ልጅ ጳውሎስን እየተከተለች «እነዚህ የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው» ስትል ውሸት አልተናገረችም፣ ቃሏ ትክክል ነበር፣ ለጌቶቿ ግን ብዙ ትርፍ ታስገባ ነበር። ጳውሎስም በመጀመሪያው ቀን አልተነሳም፣ ብዙ ቀን ሰማት፣ ከዛ ነው መንፈሱን ውጣ ያለው። እርስዎም ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ፣ ሰውየውን በቤቱ፣ በትዳሩ፣ በአገልጋዮቹ መካከል የሚያውቀው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። በቪዲዮ የሚታይ ሰው ፍሬው አይታይም፣ ዛፉን ሳያገኙ ፍሬውን መቅመስ አይቻልማ።

ልጅዎን ግን ሰውየውን በመስደብ እንዳይጀምሩ እለምንዎታለሁ፣ ትሸሽግብዎታለች። አንድ ምሽት አብረው ቁጭ ይበሉና የተናገረውን አንድ ቪዲዮ ከጠቀሰው ምዕራፍ ጋር ከላይ እስከ ታች አብረው ያንብቡት፣ የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን ያደረጉት እንደዛ ነው፣ የሰሙትን በደስታ ተቀብለው ነገሩ እንደዚህ ይሆንን እያሉ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። ደስታውም ምርመራውም አብሮ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ ትልቅ ጉዳይ የለኝም። የእግዚአብሔርን ድምፅ መለየት መልመድ ብቻ ነው የምፈልገው፣ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ትልቅ ጉዳይ ሳይመጣ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ዕብራውያን 5 ላይ መልካሙንና ክፉውን የሚለይ ልቡና በሥራ የለመደ ልቡና ነው ይላል፣ በልምምድ ማለት ነው። ሳሙኤል ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ ወደ ዔሊ ነው የሮጠው፣ ማንም አልተቆጣውም፣ ዓይኑ የፈዘዘው ሽማግሌ ነው በሦስተኛው ነገሩ የገባው። አንተም አንድ ዔሊ ፈልግ፣ ዕድሜ የጠገበ፣ «አይ» ሊልህ የማይፈራ። ማታ ደሞ 5 ደቂቃ ያህል ቀንህን ወደኋላ ተመልከት፣ ዛሬ ለባልደረባዬ የመለስኩት ቃል ከየት መጣ፣ ከፍቅር ነው ከቁጣ፣ ያቺን ሜሴጅ ከመላኬ በፊት ውስጤ ቆይ ብሎኝ ነበር ወይ ብለህ። ያለቀ ነገር ላይ ስለሆነ አይቸኩልብህም፣ በትንሿ ላይ ያንን «ቆይ» የሚል ድምፅ ስትለምደው በትልቁ ቀን አዲስ አይሆንብህም። ስትሳሳትም እዛው ጻፈው፣ እኔ የሸሚዙን ታሪክ የጻፍኩት ዓመታት ቆይቼ ነው፣ ያኔውኑ ብጽፈው ይሻለኝ ነበር።

የመጀመሪያዋ እህታችን፣ ለመሪዎቹ ከነገርሽ በኋላ የሆነውን ጻፊልን፣ እስከዛው ስምሽን እየጠራን ባይሆንም በጸሎት እያሰብንሽ ነው።